«አይ» ፍቅር ብቻ አይደለም፣ ስስትም ነው

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «አንተ ቻይንኛ ትችል የለ? ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ክንዴ ላይ ልነቀሰው ነው» የሚል ጨመረችበት። ጽሑፉን ያነበብኩት እንግዲህ በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ሆኜ ነው።

ነገሩ ስለ አንድ የቻይና ፊደል ነው። ፍቅር ማለት ነው የሚባለው፣ ቻይናዎች «አይ» ብለው የሚያነቡት። የእኛ «አይ» እምቢታ ነው፣ ካልሆነም ትዝብት። የእነሱ ፍቅር መሆኑን ሲሰማ የማይስቅ አበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ፊደሉ ሥዕል ነው፤ እጅ ከአንድ ጣሪያ ሥር ልቡን ለጓደኛ ሲሰጥ ያሳያል። ኮሚኒስቶቹ ልቡን ቆርጠው ስለጣሉት የዛሬው የቻይና ፍቅር ልብ አልባ ሆኗል። ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ቬትናም ፍቅርን በዚሁ በአንድ ፊደል ጽፈው ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ትርጉሙም ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም። ጃፓኖች «እወድሻለሁ» ከማለት ይልቅ «ጨረቃዋ ታምራለች» ይላሉ። ሳሙራይ የሚባሉት የጥንት ጦረኞቻቸውም ፍቅርን ራሳቸው ላይ አስረው ይዘምቱ ነበር።

ጽሑፉ ደስ ይላል። ችግሩ አብዛኛው እንደዚያ አለመሆኑ ነው። ለቻይናዎች ማስተርጎም እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ» የምትለዋ ደግሞ እንጀራዬን የነካች መሰለኝ።

ከሥዕሉ ልጀምር። ይህ ፊደል ዛሬ ሁለት አጻጻፍ አለው። ረጅሙ በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በጃፓን የሚሠራበት ሲሆን 13 ጭረት ነው። ከላይ ጥፍር የመሰለ ነገር አለ፣ ከሥሩ ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር ልብ፣ ከልቡ ሥር ደግሞ ዘገም ብሎ የሚራመድ እግር። አጭሩ በዋናው ቻይና የሚሠራበት ነው፤ 10 ጭረት አለው። እሱ ላይ ልቡና እግሩ ወጥተው በቦታቸው «ጓደኛ» የሚለው ፊደል ገብቷል።

ልብ በሉ። ልብ ያለበት ላይ ጓደኛ የለም። ጓደኛ ያለበት ላይ ልብ የለም። ጸሐፊው ያዩት፣ ልቡን ለጓደኛው የሚሰጥ እጅ፣ በሁለቱም ላይ አይገኝም። ሁለቱን ቀላቅለው ሦስተኛ ፊደል ፈጥረዋል።

እጅና ጣሪያ የተባሉትስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሹ ሸን የተባለ የቻይና ሊቅ የፊደሎችን አመጣጥ የሚተነትን መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል። እዚያ ውስጥ ይህ የዛሬው ፊደል ለብቻው አለ፤ ትርጉሙ ግን ፍቅር አይደለም። «የአካሄድ ዓይነት» ነው የሚለው። እግሩ ለዚያ ነው። ፍቅርንና ደግነትን የሚያመለክተው ሌላ፣ አጠር ያለ ፊደል ነበር። እሱ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። ከታች ልብ። ከላይ ደግሞ ፊቱን ያዞረ፣ አፉን የከፈተ ሰው። ሊቁ እንደሚለው ይህ ሰው ሲበላ ሲጠጣ እስትንፋሱ የተቃወሰበት ነው። በእኛ አማርኛ ትን ያለው ሰው ማለት ነው!

ትን ያለው ሰው ልብ ላይ ምን ይሠራል? «ፍቅር ሲይዝህ ትን ይልሃል» ብሎ ስብከት ማውጣት ይቻላል፤ ጸሐፊውም ቢያውቁት ኖሮ የሚተዉት አይመስለኝም። መልሱ ግን ቀላል ነው። ሰውዬው የገባው ለድምፁ ነው። የዚያ ምልክት የጥንት ንባብ ለዚህኛው ይቀርብ ስለነበር ድምፅ ጠቋሚ ሆነ። ልቡ ደግሞ «ነገሩ ከስሜት ወገን ነው» ብሎ ይጠቁማል። አብዛኛው የቻይና ፊደል የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ አንዱ ወገን ትርጉሙን፣ ሌላው ወገን ድምፁን። ከጊዜ በኋላ ባለ እግሩ ፊደል የፍቅርን ትርጉም ወሰደና አጭሩ ተረሳ። ትን ያለው ሰውም በጽሕፈት ብዛት ተሸራርፎ ጥፍርና ክዳን መሰለ። ጸሐፊው «እጅና ጣሪያ» ያሉት እሱኑ ነው።

ወደ ተቆረጠው ልብ ልለፍ። ይህቺ ቀልድ የጸሐፊው ፈጠራ አይደለችም። ረጅሙን አጻጻፍ የሚወዱ ሰዎች አጭሩን ሲተቹ በየጊዜው የሚደግሟት ናት። ዋናው ቻይና ፊደሎችን የማቅለል ዕቅዱን ያወጀው በጥር 1956 መሆኑም እውነት ነው። ግን አጭሩን «አይ» ኮሚቴ ቁጭ ብሎ አልፈለሰፈውም። ሰዎች በፍጥነት ሲጽፉ ልቡንና እግሩን አያይዘው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱት ነበር፤ ይህ ቅጥልጥል የእጅ ጽሕፈት ደግሞ ከኮሚኒስት ፓርቲው በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የ1956ቱ ሰዎች ያንን የእጅ ጽሕፈት ቀጥ ባለ መስመር አስቀመጡት። ፊደል ማቅለሉ ራሱም የኮሚኒስቶች ብቻ ሐሳብ አልነበረም። ጠላታቸው የነበረው የናሽናሊስቶቹ መንግሥት በ1935 የ324 የቀለሉ ፊደሎች ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛበት በዓመቱ ተወው።

ደግሞስ ልብ መኖሩ ምን ያረጋግጣል? «ቂም» የሚለው የቻይና ፊደል ልብ አለው። «ንዴት» ልብ አለው። ሁለቱም በአጭሩ አጻጻፍ ሳይቀር ልባቸው አልተነካም። በጸሐፊው አካሄድ ከሄድን ዛሬ ቻይና ውስጥ ከልብ የቀረው ንዴትና ቂም ብቻ ነው ልንል ነው።

እኛም ቤት እኮ ይህ ሙግት አለ። «ንጉሥ» በእሳቱ ሰ ይጻፍ ወይስ በንጉሡ ሠ፣ «ፀሐይ» በጸሎቱ ጸ ትጻፍ ወይስ በፀሐዩ ፀ እያልን ስንቱን ምሽት አቃጥለናል። የሚቆረቆር ሰው ይቆርቆር፤ ከፊደሉ ጋር የሚጠፋ ታሪክ አለና። ነገር ግን ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ስለጻፍናት ሳትወጣ የቀረችበት ጠዋት የለም።

አሁን ጸሐፊው በአንድ መስመር ወዳለፉት፣ እኔ ግን ከሁሉም ወደምወደው ነገር ልምጣ። «ትርጉሙ ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም» ብለዋል። የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የኮንፊሽየስን አንድ ወሬ ልንገራችሁ። ዚጎንግ የሚባል ደቀ መዝሙር ነበረው። በየወሩ መባቻ ለሥርዓት የሚታረድ በግ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን እየተረሳ መጥቷል። ዚጎንግ እንግዲያው በጉ ለምን ይባክናል፣ ይቅር አለ። መምህሩም መለሰለት፤ አንተ በጉን «አይ» ታደርጋለህ፣ እኔ ሥርዓቱን «አይ» አደርጋለሁ።

ይህንን በ«ፍቅር» ተርጉሙት እስቲ። «አንተ በጉን ታፈቅራለህ» ሊሆን ነው። ፈረንጆቹ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይቸገራሉ። ቃሉ መውደድም ነው፣ ለማውጣት መንፈግም ነው፤ እነሱ ይህን የሚይዝ አንድ ቃል አጥተው ግማሹን በአንድ፣ ግማሹን በሌላ ይተረጉሙታል። እኔ አማርኛ ይዤ ስደርስ ግን በሩ ክፍት ነበር። አንተ ለበጉ ትሳሳለህ፣ እኔ ለሥርዓቱ እሳሳለሁ። አለቀ።

እናት ልጇን «የኔ ስስት» ትላለች። ጎረቤቷን ደግሞ «ስስታም» ብላ ታማለች። ሥሩ አንድ ነው። የምትሳሳለት ነገር እንዳይጎድል፣ እንዳይሰበር፣ እንዳያልቅ የምትፈራለት ነው። ልጅም ይሁን በግ። የጥንቱ «አይ» በአብዛኛው እዚህ ሰፈር ነው የሚውለው።

ካላመናችሁ የንጉሥ ሹዋንን ታሪክ ጨምሩበት። ሜንሺየስ የሚባለው፣ ከኮንፊሽየስ ቀጥሎ ስሙ የሚጠራው ፈላስፋ የሚያነሳው ነው። ሹዋን፣ ቺ የተባለችው የጥንት ቻይና ግዛት ንጉሥ፣ አዳራሹ ላይ ተቀምጦ ሳለ አዲስ ደወል በደም ሊባረክ ኖሮ በሬ ሲነዳ ያያል። በሬው ይንቀጠቀጣል። ንጉሡ አላስችል አለውና «ልቀቁት፣ በበግ ተኩት» አለ። ያገሬው ሰው ምን አለ? ንጉሡ «አይ» ነው አለ። አፍቃሪ ነው ማለታቸው አይደለም። ቋጣሪ ነው፣ በሬ ተወዶበት በግ አመጣ ማለታቸው ነው። ንጉሡም አገሬ ትንሽ ብትሆን ለአንድ በሬ እሳሳለሁ እንዴ ብሎ አዘነ።

ከዚያ ደግሞ የቡድሃ መነኮሳት መጡ። ከህንድ የመጡትን መጻሕፍት ወደ ቻይንኛ ሲመልሱ ይህንኑ ፊደል ለ«ጥማት» ተጠቀሙበት። ሰውን ከመከራ የማያላቅቀው፣ ሊጣል የሚገባው ምኞት ማለት ነው። ያው ፊደል በአንዱ ደጅ ደግነት፣ በአንዱ ቋጣሪነት፣ በሌላው ወጥመድ። «አልተለወጠም» ለማለት ብዙ መጻሕፍት መዝጋት ያስፈልጋል።

የዛሬውም ቻይንኛ ቢሆን ቃሉን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ አላስቀመጠውም። ቻይናዎች «ብረት መዛግ አይ ያደርጋል» ይላሉ፤ ቶሎ ይዝጋል ለማለት። እኛ «መቆጣት ይወዳል» እንደምንለው። ሆኪየን በተባለው የታይዋን ቻይንኛ ደግሞ «መፈለግ» ወይም «ግድ መሆን» ይሆናል። ወረቀት መሙላት ግድ ነው ሲሉ በዚሁ «አይ» ነው።

«ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ» ወደምትለዋ ስንመጣ የራሴን ጉድ መናገር አለብኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ጡረታው የደረሰ አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ አብሮን ይሠራ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። አንዲት ሴት ሽርጥ ለብሳ ምድጃ አጠገብ ቆማለች። «ዎ አይረን» አለ ፈገግ ብሎ። «አይ» ፍቅር፣ «ረን» ሰው። እኔም ለሥራ ጓደኞቼ «ፍቅረኛው ናት» ብዬ ተረጎምኩ። ሳቁ! አንዱ «ሽማግሌው ገና አልበረደለትም» አለ። መሐንዲሱ ምን እንዳሳቃቸው ግራ ገብቶት እያየን በጣቱ ወደ ቀጣዩ ፎቶ አለፈ። እዚያች ሴት ጭን ላይ የልጅ ልጁ ተቀምጣለች። ሚስቱ ናት። የ40 ዓመት ሚስቱ። በዋናው ቻይና «አይረን» ማለት የትዳር ጓደኛ ነው፤ ለባልም ለሚስትም። ዛሬ ወጣቶቹ ሌላ ቃል ይጠቀማሉ፣ በእሱ ዕድሜ ያሉት ግን ይህንኑ ነው የሚሉት። ስጋው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ትን ያለው ሰው እኔው ሆንኩ።

እነዚሁ ሁለት ፊደሎች ኮሪያ ሲገቡ «ኤኢን» ይባላሉ። ትርጉማቸው የወንድ ወይም የሴት ጓደኛ፣ ያልተጋቡ ፍቅረኞች ነው። ጃፓን ሲገቡ «አይጂን» ይሆናሉ። ይኼኛው ውሽማ ነው! መሐንዲሱ ያን ፎቶ ለጃፓናዊ አሳይቶ ሁለቱን ፊደል ወረቀት ላይ ቢጽፍለት፣ ጃፓናዊው አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው የሚለው።

ነገሩ የባሰ የሚያስገርመው ኮንፊሽየስ ራሱ እነዚህን ሁለት ፊደሎች መናገሩ ነው። ሰብዓዊነት ምንድነው ሲሉት «አይ ረን» አለ። ሰውን መውደድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተወለደችው የጃፓን ልዕልት አይኮ ስሟን ያገኘችው ሜንሺየስ ሰውን የሚወድ ሰው ይወደዋል ካለበት ቦታ ነው። ያው ሜንሺየስ፣ የበሬው ባለ ታሪክ። ከልዕልቷ ስም እስከ ውሽማ ድረስ ያለውን መንገድ አንድ ፊደል ሄዶበታል።

ኮሪያና ቬትናም ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጸሐፊው ከሁሉ የሳቱት እዚህ ቢሆንም። ኮሪያዊ «እወድሻለሁ» ሲል «ሳራንግ» የሚለውን ቃል ነው የሚጠቀመው። በአዲስ አበባ የኮሪያ ድራማ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ቃል በቻይና ፊደል አይጻፍም። ሀንጉል የተባለው ፊደላቸው በ1443 ተዘጋጅቶ በ1446 ከታወጀ በኋላ በወጡት ጽሑፎች ላይ «ሳራንግ» በአብዛኛው «ማሰብ» ማለት ነበር። ስላንተ አስባለሁ ማለት ወደ እወድሃለሁ አደገ። የቻይናው ፊደል «ኤ» ሆኖ የቀረው በጥምር ቃላት ውስጥ ነው። ብሔራዊ መዝሙራቸው «ኤጉክጋ» ይባላል፤ አገርን የመውደድ መዝሙር።

ቬትናሞችም ፍቅርን «ዬው» ነው የሚሉት። ፊደሉ «አይ» ሆኖ በጥምር ቃል ውስጥ ብቻ ይኖራል። የነፃነት መሪያቸው ሆ ቺ ሚን በ1919 የቬትናምን ጥያቄ ለቬርሳይ ጉባኤ ሲያቀርብ የያዘው ስም «ንጉየን አይ ኩዎክ» ነበር፣ አገር ወዳዱ ንጉየን። በዚያው በ1919 በሁዌ ቤተ መንግሥት በቻይና ፊደል የሚሰጠው የሹመት ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጠ። ዛሬ ቬትናም የምትጽፈው በላቲን ነው። አብዛኛው የሃኖይ ወጣት ያንን 13 ጭረት ብታሳዩት አያነበውም። «በአንድ ፊደል ይግባባሉ» ማለት ላቲን የተማሩ ቄስ ሮም ላይ ታክሲ ተሳፍረው በቅዳሴ ይደራደራሉ እንደማለት ነው።

የጃፓኑ ይቀረኛል። ጨረቃዋ! ናትሱሜ ሶሴኪ የተባለው ደራሲ እንግሊዝኛ ሲያስተምር «እወድሻለሁ»ን «ጨረቃዋ ታምራለች» ብላችሁ ተርጉሙ አለ ይባላል። ሶሴኪ ራሱ ከጻፈው ውስጥ ይህ የለም። ሰውየው የሞተው በ1916 ነው፤ ወሬው በጽሑፍ ብቅ ያለው ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አሁን ጃፓኖች ራሳቸው ስለሚያውቁት ጨረቃን አንስቶ መሽኮርመም ይቻላል። ለልብ ወሬነቱ አልጣላውም።

ራስ ላይ ፍቅር አስሮ የዘመተው ሳሙራይም አለ። ሳሙራዮቹ ግን አይደሉም፣ በዚህ የታወቀው አንድ ሰው ነው። ናኦዬ ካኔትሱጉ ይባላል፣ በ1620 ነው የሞተው። የራስ ቁሩ ላይ ይህ ፊደል ትልቅ ሆኖ ቆሟል፤ ቁሩም ዮኔዛዋ ከተማ በሚገኘው የኡዌሱጊ መቅደስ ተቀምጧል። ነገር ግን የታሪክ ሰዎች ፊደሉን የሚያዩት እንደ አምላክ ስም መጀመሪያ ነው። ወይ «አይዘን» ከተባለው ቁጡ የቡድሃ ጠባቂ፣ ወይ «አታጎ» ከተባለው ጦረኞች ከሚማጸኑት አምላክ፤ ሁለቱም ስማቸው በዚህ ፊደል ይጀምራል። ሰውየው ጦር ሜዳ የወረደው አምላኩን ይዞ ነው፣ አበባ ይዞ አይደለም።

ጸሐፊው ከጃፓን ማምጣት የነበረባቸው ሌላ ነገር ነበር። በጥንቱ ጃፓንኛ ይህ ፊደል «ካናሺ» ተብሎም ይነበብ ነበር። «ካናሺ» ዛሬ «የሚያሳዝን» ማለት ነው። ያኔ ግን «ሆድን የሚያላውስ፣ የሚወደድ» ማለትም ነበር። ይህንን ለፈረንጅ ማስረዳት ሥራ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የተኛ ሕፃን ማሳየት ብቻ ይበቃል። «ውይ፣ ሲያሳዝን!» ይላል፤ ልጁ ምንም አልሆነም።

አንድ ነገር ግን አልነፍጋቸውም። ድምፁ በእውነት ተጉዟል። «አይ» በቤጂንግ፣ «ኦይ» በካንቶን፣ «ኤ» በሴኡል፣ «አይ» በቶኪዮ፣ «አይ» በሃኖይ። የጃፓን የዓመቱ ፊደል ተብሎ ኪዮቶ በሚገኘው ኪዮሚዙ መቅደስ በትልቅ ብሩሽ የተጻፈበት ዓመትም አለ፣ 2005። የሚወደድ ፊደል ነው። እኔም እሳሳለታለሁ።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁላት። 11 ደቂቃ ሆነ። እሷ ግን ወደ ፍሬ ነገሩ ነው የሄደችው፤ «እና ልነቀሰው ወይስ ይቅርብኝ?» አለች። ከተነቀስሽ ረጅሙን ይሻልሻል፣ ልቡ ላይ ሦስት ነጥቦች መኖራቸውን ቁጠሪ አልኳት። ነቃሹ ያዘጋጀውን አስነሥታ ፎቶ ላከችልኝ። አስፍቼ አየሁት። 13 ጭረት፣ ትክክል። ሦስት ነጥብ፣ ትክክል። ብቻ ፊደሉ በመስታወት እንደታየ ሆኖ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው። ወዲያው ደወልኩ።

«ተነቀስሽ እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው» አለች። «በእስክሪብቶ ነው።»